የሙቀት መለኪያው ቀይ ሲያሳይ ሞተሩን ወይስ መርፌውን እንጠርጥር?

የቤተሰብ አምድ



በዚህ ሳምንት አምዳችን የሚያነሣው ጉዳይ ከወጥ ቤትና ከልጆች አስተዳደግ ወጣ ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ የቤተሰብን ኪስና የቤተሰብን ደኅንነት በአንድነት የሚነካ በመሆኑ ከዚህ ገጽ የተሻለ ቦታ አላገኘንለትም። ጉዳዩን ያቀረቡልን በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ የአንድ ወታደር ባለቤት ናቸው። በላኩልን ደብዳቤ እንዲህ ይላሉ፦

«ባለቤቴ በግዳጅ ላይ ስለሆነ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰውም፣ ገበያ የምወጣውም እኔ ነኝ። መኪናችን ዕድሜዋ ከበኩር ልጃችን ይበልጣል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጧት ቁልፉን እንደ ከፈትሁ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወጥቶ ቀዩ ላይ ይቀመጣል። ውሃው አይጎድልም፤ እንፋሎትም አላየሁም። ያሳየሁት ጋራዥ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለተቃጠለ ሞተሩ ይፈታ ብሎኛል። የተጠየቅሁት ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ነው። ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?»

ለእኅታችን አጭሩ መልሳችን የሚከተለው ነው። ገንዘብዎን ለጊዜው ያቆዩት፤ መኪናዋንም ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ፍተሻ እስኪደረግ ድረስ አያሽከርክሯት። ምክንያቱን በዝርዝር እናስረዳለን።

የጅቡቲ የሐምሌ ሌሊት የቱንም ያህል ቢሞቅ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ከአካባቢው አየር የበለጠ ሊሞቅ አይችልም። መርፌው ቀዩ ላይ እንዲደርስ ግን የሞተሩ ውሃ በአብዛኛው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ባልተነሣ ሞተር ላይ ቀይ የሚያሳይ መለኪያ ሐሰት እየተናገረ ነው። ይህን ለማወቅ የዓይን ምስክርነት ይበቃል፤ አንድም ቡሎን መፍታት አያስፈልግም። ይህ ማለት ግን ሞተሩ ፈጽሞ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ያለምክንያት የሚጮኽ ዘበኛ ነገ ጠላት ሲመጣ ቢጮኽ የሚሰማው አይኖርም። በዚህ ከተማ ሙቀት ያለ ሙቀት መለኪያ መንዳት፣ ያለ ዘበኛ እንደ መተኛት ነው።

በጦር ሰፈር የዘበኛን ወሬ ንቆ የሚተኛ አዛዥ የለም፤ በአንድ ዘበኛ ወሬ ብቻ ጦሩን በሙሉ የሚያንቀሳቅስም የለም። ወሬው በሁለተኛ ምስክር ይጣራል። ለሞተር ሙቀት መለኪያም ደንቡ ይኸው ነው።

መለኪያው እንዴት ይሠራል?

በአሮጌ መኪኖች የተለመደው መለኪያ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በሞተሩ አካል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ራዲያተር የሚሄደው የላይኛው የጎማ ቱቦ ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ፣ ተጠምዝዞ የገባ አውራ ጣት የሚያህል የነሐስ ቁራጭ ነው። ጫፉ ውሃ ውስጥ ይነከራል። መካኒኮች ሴንሰር ይሉታል። ሁለተኛው ከዚህ ቁራጭ ተነሥቶ ወደ ክሩስኮቱ የሚሄደው ሽቦ ነው። ሦስተኛው በክሩስኮቱ ላይ የምናየው መርፌ ነው።

በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክን መንገድ ያጠባል፤ ሲሞቅ ያሰፋል። ውሃው በሞቀ ቁጥር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ መርፌውም ወደ ቀዩ ይጠጋል። ኤሌክትሪኩ ጉዞውን የሚፈጽመው በሴንሰሩ ጥርስ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ገብቶ ነው፤ ይህን መካኒኮቻችን ማሳ ይሉታል። እንግዲህ ሽቦው በመንገዱ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ መርፌው ሞተሩ እጅግ የሞቀ ያህል ቀዩ ላይ ይወጣል። ሽቦው ቢበጠስ ደግሞ ሞተሩ ቢነድም እንኳ መርፌው ከቀዝቃዛው ምልክት አይነቃነቅም። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው፤ የመጀመሪያው ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ግን ያዘናጋል።

ፍተሻው

ይህ ፍተሻ የሚደረገው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ነገር ግን ሞተሩ ሳይነሣ ነው። አንድ ሰው ክሩስኮቱን ይመለከታል፤ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ በሴንሰሩ ዘንድ ይቆማል። ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው።

1ኛ፤ መርፌው እንደ እኅታችን መኪና ቀይ ላይ ከሆነ፣ ሽቦውን ከሴንሰሩ ራስ ላይ ይንቀሉት፤ ጫፉም ብረት እንዳይነካ ይጠንቀቁ። መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ምልክት ከወረደ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው። ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ ካነሱት አንዱ ስለሆነ በአዲስ ይለወጥ። መርፌው በቀዩ ላይ እንደ ቆመ ከቀረ ግን ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ተልጦ ብረት በነካው ሽቦ ወይም በክሩስኮቱ ውስጥ ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበትን ቀዳዳና በሞቃቱ የጭስ ቱቦ አጠገብ የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድመው ይመልከቱ።

2ኛ፤ መርፌው የማይነቃነቅ ከሆነ፣ የተነቀለውን ሽቦ ጫፍ በትንሽ የፍተሻ አምፖል በኩል ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር ለአፍታ ያገናኙት። መርፌው ከተነሣ ሽቦውም መለኪያውም ደኅና ናቸው፤ የሞተው ሴንሰሩ ነው። መርፌው ካልተነሣ ፊውዙን፣ ሽቦውንና መለኪያውን በየተራ ይፈትሹ። መርፌው ጉዞ እንደ ጀመረ ሽቦው ወዲያው ይነሣ፤ ለረጅም ጊዜ ከያዙት መለኪያው ራሱ ይቃጠላል።

3ኛ፤ የነዳጁ መለኪያም አብሮ ካበደ፣ ማለትም ሁለቱም ከፍ ብለው ወይም ሁለቱም ሞተው ከተገኙ፣ ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ቀን ይሞታሉ ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ከክሩስኮቱ ጀርባ ለሁለቱም መለኪያዎች የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። የባትሪውን 12 ቮልት በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ወደ 10 ቮልት፣ በአንዳንድ የጃፓን መኪኖች ደግሞ ወደ 7 ቮልት ታወርደዋለች። መጀመሪያ የምትጠረጠረው እርሷና ማሳዋ ናቸው።

4ኛ፤ መርፌው የፊት መብራት ሲበራ ወይም የአየር ማራገቢያው ሲከፈት ከፍ፣ ሲጠፋ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ውሃው መብራት መብራቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ ጥፋቱ የላላ ወይም የዛገ ማሳ ነው። እንደዚሁም መርፌው በጉድጓድ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ የላላ ሽቦ ይፈለግ። ብዙ ሊትር ውሃ በአንድ ሰከንድ አይሞቅም፣ በአንድ ሰከንድም አይበርድም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ሞተሩ ሞቆ መርፌው ከፍ ካለ በኋላ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው የወደቀ እንደሆነ፣ መለኪያው ተበላሸ ብለው መንገድዎን አይቀጥሉ። ሴንሰሩ የሚለካው ጫፉ የተነከረበትን ውሃ ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ካለቀ፣ ሴንሰሩ በባዶ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀርና ዝቅተኛ ሙቀት ያሳያል፤ ሞተሩ ግን በዚያች ሰዓት እየተቃጠለ ነው። እንዲህ ያለውን አወዳደቅ ያየ ሰው ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተሩን ያጥፋ።

የተነቀለ ሴንሰር በቤት ውስጥም ሊመረመር ይችላል። ምግብ በማይበስልበት አሮጌ ድስት ውስጥ ውሃ ይደረግና የሴንሰሩ ጫፍ ብቻ ይነከር፤ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር የሚነበበው የኦም ቁጥር ሳይቋረጥ እየወረደ መሄድ አለበት። ቁጥሩ ካልተለወጠ ወይም ከዘለለ ሴንሰሩ አይረባም። አዲሱ ሲገባም ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አይብዛበት፤ ሴንሰሩን ከማሳ ይለየዋልና ደኅናው ዕቃ የተበላሸ ይመስላል።

በነዳጅ መርጫ የሚሠሩ ብዙ መኪኖች ሁለት ሴንሰር አላቸው። ባለ አንድ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የመርፌው ሲሆን፣ ባለ ሁለት ሽቦው የኮምፒዩተሩ ነው፤ እንዳይደባለቁ። ከሽቦ ይልቅ ከሞተሩ እስከ ክሩስኮቱ በሚዘልቅ ቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሠራ እጅግ አሮጌ መለኪያ ያላቸውም አሉ። እነዚህን በሽቦ መፈተን አይቻልም፤ ጫፋቸውን በሙቅ ውሃ ነክሮ መርፌውን መመልከት ነው።

የጅቡቲ አየር የሚያመጣው ጣጣ

ከደጋ የመጣ አንባቢ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ይህች ከተማ በባሕር የተከበበች ናት። ጨው የተሸከመው እርጥብ አየር የሽቦን መጋጠሚያ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ያለብሰዋል። ከጅቡቲ አሮጌ መኪኖች መለኪያዎች ላይ የሚታየው ቅዥት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥ በፊት መጋጠሚያውንና የማሳውን ቡሎን ነቅሎ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ ከታሰረም በኋላ ከላዩ ጥቂት ቫዝሊን መቀባት ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ በሽታው በዚህ ብቻ ይድናል።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የከተማው የጉድጓድ ውሃ ጨዋማነት አለው። ይህን ውሃ ራዲያተር ውስጥ በየጊዜው መጨመር የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል፤ የሴንሰሩንም ጫፍ በጨው ቅርፊት ስለሚሸፍነው መለኪያው እንዲዘገይ ያደርገዋል። የተጣራ የባትሪ ውሃና አምራቹ ባዘዘው መጠን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይደረግ።

ሦስተኛው፣ አንዳንድ ሰዎች ሙቀቱን ፈርተው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ መርፌው ዝቅ ብሎ ቢቀር መለኪያው አልተበላሸም፤ እውነቱን እየተናገረ ነው። ቴርሞስታት ማውጣት ግን መፍትሔ አይደለም። በአንዳንድ ሞተሮች ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጩ ስለሚመለስ ጭራሽ ሙቀቱን ያብሰዋል።

መርፌው እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ

በክረምት ወራት የጅቡቲ ቀን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኸምሲንም አቧራ ይዞ ይመጣል። ቤተሰቦች ከዚህ ሙቀት ሸሽተው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፍታ ላይ ወደምትገኘው አርታ ሲወጡ፣ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተቱ ዳገቱን ይያያዙታል። በዚያን ጊዜ መርፌው ቀስ በቀስ ቢወጣና ዳገቱ ሲያልቅ ቢመለስ መለኪያው ጤነኛ ነው፤ የደከመው ማቀዝቀዣው ነው። ወደ ከተማ ሲመለሱ ደግሞ ኸምሲኑ ከኋላ ስለሚገፋ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ያንሳል።

እንዲህ ሲሆን የውሃው መጠን፣ የቺንጋው ጥብቀት፣ የራዲያተሩ ንጽሕናና የቬንቲላተሩ አሠራር ይመርመር። በፔጆ 404ና በፔጆ 504 ቬንቲላተሩ ሁልጊዜ አይዞርም፤ ሞተሩ ሲሞቅ በማግኔት ተይዞ ይዞራል። ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ የምታቀብለው ትንሿ የከሰል ቁራጭ ካለቀች ቬንቲላተሩ ቆሞ ይቀራል፤ መርፌውም በእውነት ይወጣል። ሰው ግን መለኪያውን ይወቅሳል።

ሁለተኛውን ምስክር ለማግኘት ዛሬ ቀላል መሣሪያ አለ። በእጅ ተይዞ ከሩቅ ወደ ዕቃው በማነጣጠር ሙቀት የሚያነብ መለኪያ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ይገኛል። ቴርሞስታቱ የተቀመጠበት ብረት ላይ ያነጣጥሩ። የሚያብረቀርቅ ብረት አነባበቡን ዝቅ ስለሚያደርገው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉበት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መሣሪያው 85 ወይም 90 ዲግሪ እያነበበ መርፌው ቀይ ላይ ከሆነ ሐሰተኛው መርፌው ነው።

የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ለሚል ጋራዥም ማስረጃውን መጠየቅ ነውር የለውም። የዚህ በሽታ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ውሃው ያለ ምክንያት ይጎድላል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ቅልቅል ይታያል፤ ገና በቀዝቃዛው ሞተር በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይፈላል። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ ሞተር ይፈታ ማለት የዘበኛውን ወሬ ሳያጣሩ ጦር ማዝመት ነው።

በመንገድ ላይ ብቻዎን ሲሆኑ

መርፌው ከተለመደው ቦታው ሲያልፍ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያው ካልተነቀለ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ይህ በዚህ አገር ሙቀት ቅጣት ቢመስልም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ ምስክርም ይሆናል። መርፌው ቀይ ላይ ሳለ ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ውሃው አልቋል። መርፌው ካልተመለሰ፣ ወይም እንፋሎት ከታየ፣ ከመንገዱ ወጥተው ሞተሩን ያጥፉ። ልጆቹን ከመኪናው አውርደው ከመንገዱ ራቅ ባለ ጥላ ያስቀምጧቸው።

የራዲያተሩን ክዳን ግን አይክፈቱ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ። ጤነኛ ክዳን ያለው ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ ግን በግፊት ታፍኖ ወደ 120 ዲግሪ እስኪጠጋ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት የፈላ ውሃና እንፋሎት ፊት ላይ ይፈነዳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥልና በቀላሉ የሚጨመቅ ሲሆን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ቀስ አድርገው ያላሉት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

በመኪናው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጀሪካኖች ይኑሩ፤ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለራዲያተር። በቀለም ይለዩ። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን መርዝነቱ ግን ገዳይ ነው፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፤ የፈሰሰውም ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በገዛ ቤቱ ወጥመድ ያጠምዳል።

በመጨረሻም ለወታደሩ አንባቢያችን አንድ አደራ አለን። ወደ ግዳጅ ከመሄድዎ በፊት፣ በዕረፍት ቀንዎ፣ ባለቤትዎን ወደ መኪናው ይጥሯቸው። ሴንሰሩ የቱ እንደሆነ፣ ሽቦው እንዴት እንደሚነቀል፣ ክዳኑ መቼ እንደማይነካ ያሳዩአቸው። መርፌው በጤናው ቀን በከተማም፣ በአርታ ዳገትም የት እንደሚቆም በደብተር ጽፈው በመኪናው ኪስ ውስጥ ይተዉላቸው። የዘወትር ቦታውን የሚያውቅ ሰው መርፌው ጥቂት እንደ ወጣ ይነቃል፤ አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ባትሪ በዚህ ጨዋማ አየር ዕድሜው እንዲረዝም ስለሚደረገው ጥንቃቄ እናነሣለን። እስከዚያው ሰላምና ጤና ከመላው ቤተሰብዎ ጋር ይሁን።